የሰረዝኩት ማዕበል

"ተሳስቻለሁ" የምትለዋ ቃል ከአፌ የማትወጣ ሰው ነበርኩ። ሚስቴ ሰናይት "አንተ መንገድ ከሳትክ የተሳሳተው መንገዱ ነው" እያለች ትስቅብኛለች። ጂፒኤሱ ወደ ቀኝ ታጠፍ ሲለኝ ወደ ግራ ታጥፌ፣ ግማሽ ሰዓት ስዞር ቆይቼ፣ "በዚህ በኩል ይሻላል ብዬ ነው" የምል ደረቅ ነኝ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ "የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ" እያለ ነው ያሳደገኝ። አንዴ ከተናገርክ ተናገርክ፣ በቃ። ይህ ተረት ምን ያህል የሚያስፈራ እንደሆነ የገባኝ ባለፈው የብርድ ወራት፣ በአንድ ቀን ውስጥ ነው።

ሥራዬ ማዕበል መሥራት ነው። አትሳቁ። ባሕር በሌለበት ዳላስ፣ አዲሰን ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ በኮምፒውተር ባሕር እሠራለሁ። ባሕሩ ላይ ማዕበል አስነሣለሁ። ከዚያ ማዕበሉን በባሕር መሐል በብረት እግር ከቆመ የነዳጅ ማውጫ፣ ፕላትፎርም ከሚባለው ነገር ጋር አላትመዋለሁ። ውሃው እስከየት ይወጣል? ብረቱ ይችለዋል? ሰው የሚሠራበት ወለል ድረስ ይደርሳል? እነዚህን መልሼ ሪፖርት እጽፋለሁ፣ እፈርማለሁ። አንድ ጊዜ ሰርግ ላይ አጠገቤ ለተቀመጡ አዛውንት ይህንን ሁሉ አስረድቼ ስጨርስ፣ "ይሁን ልጄ፣ ውሃው ግን የታለ?" አሉኝ። ሲሙሌሽን ነው አባቴ፣ ውሃ የለውም ብላቸው፣ "ታዲያ ምን ያስፈራል?" ብለው ወደ ጥብሳቸው ተመለሱ። እኔም ልቤ ውስጥ እንደሳቸው ነበርኩ ለካ።

አሁን ይልማን ላስተዋውቃችሁ። ይልማ የሰናይት ታናሽ ወንድም ነው። አዲስ አበባ ሳለ የታወቀ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነበር፤ እዚህ መጥቶ ግን ዓመታት ያሳለፈው ኤርፖርት ሰው በማመላለስ ነው። ዳላስ አጠገብ፣ ቤድፎርድ፣ እኛ ቤት ነው የሚኖረው። ደንበኛችን የሆነ ኩባንያ ለፕላትፎርሙ ኤሌክትሪሺያን እንደሚፈልግ የሰማሁት እኔ ነኝ። አፕላይ አድርግ ያልኩትም እኔ ነኝ። ፈተናውን አለፈ፣ ስልጠናውን ወሰደ፣ ሁለት ሳምንት ባሕር ላይ፣ ሁለት ሳምንት ቤት እየሆነ መሥራት ጀመረ። ሰናይት ግን የፈረቃው ቀን በደረሰ ቁጥር ሆዷ ይባባል፤ ለእሷ ከእናቷ ልጆች የቀራት እሱ ብቻ ነው።

አንድ እሑድ ራት እየበላን ይልማ እንዲህ አለኝ።

"ጋሽ ካሳ፣ አዲስ ወርክሾፕ ከታች በኩል ሠርተዋል፤ ከዋናው ወለል ሥር የተንጠለጠለ። እኛን ከላይኛው ጠባብ ክፍልና ከታችኛው ምረጡ ብለውናል። ከታች ሰፊ ነው፤ ግን ወለሉ ወንፊት ብረት ነው፣ ቁልቁል ስታየው ባሕሩ ይታይሃል። እኔ ደግሞ ዋና አልችልም።"

"ዋና ምን ያደርግልሃል?" አልኩት እየሳቅሁ። "የዚያን ወርክሾፕ ጥናት የሠራሁት እኔ ነኝ። ታች ግባ፣ ተዝናና። ውሃው አይደርስብህም።"

"እርግጠኛ ነህ አይደል?" አለች ሰናይት።

"እኔ ያሰላሁትን ነው የምትጠይቂኝ?" አልኳት። ተቆጣሁም መሰለኝ። ይልማ ሳቀና "በቃ፣ ጋሽ ካሳ ካለ አለቀ" አለ።

ታዲያ ያ ጥናት እንዴት እንደተሠራ ስሙኝ። ከእኔ ጋር የምትሠራ ቤቲ የምትባል ልጅ አለች። እዚሁ ተወልዳ ያደገች የአበሻ ልጅ ናት፤ ወላጆቿ እዚሁ ዳላስ አቅራቢያ ዋይሊ ነው የሚኖሩት። አማርኛዋ ስብርብር ያለ ነው፣ ጭንቅላቷ ግን እሳት ነው። የፈረንጅ አለቃችንን ብራያንን ስብሰባ መሐል "ኖ፣ ያ ልክ አይደለም" ስትለው በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሰውዬው ጆሮው ቀልቶ ነው የወጣው። እኔ ዘንድ ስትመጣ ግን ሌላ ሰው ናት። ጋሼ ነኝ። አንገቷን ትሰብራለች፣ እርስዎ ትለኛለች። እናቷ ናት እንዲህ ያሳደገቻት፣ እኔም ደስ ይለኝ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ?

ማዕበሉን ከስምንት አቅጣጫ እያመጣን ወርክሾፑ ሥር ያለውን ግፊት ለካን። በሰባቱ ምንም የለም። ከሰሜን ምዕራብ በሚመጣው ግን፣ አንዱ እግር አጠገብ፣ ለዓይን ጥቅሻ ያህል የቆየች አንዲት ረጅም እሾህ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለች። መስመሩ በሰላም ሲሄድ ሲሄድ ይቆይና ድንገት ወደ ሰማይ ይወነጨፋል፤ ወዲያው ይወርዳል። በእኛ ሥራ እንዲህ ያለ ነገር አዲስ አይደለም። ኮምፒውተሩ ባሕሩን በትናንሽ ኩቦች ቆራርጦ ነው የሚያሰላው፤ አንዳንዴ አንዱ ኩብ ላይ ይደናገርና የሌለ ቁጥር ይተፋል። እሾሁን ነቅለን እንጥላለን። "ዳታውን አጸዳነው" ነው የምንለው። ሁሉም ያደርገዋል።

ቤቲ ግን እጇ ማውሱ ላይ ቀረ።

"ጋሼ፣ ሶሪ... ማለቴ፣ ይቺ ሪል ብትሆንስ?"

"ቤቲዬ፣ እኔ እንዲህ ያለ እሾህ ስነቅል አንቺ ዳይፐር ላይ ነበርሽ።"

"ኦኬ ጋሼ" አለች።

በቃ። ሰረዝነው፤ "ውሃው ወርክሾፑ ድረስ አይደርስም" ብዬ ፈረምኩ።

እንግዲህ ቀኑ መጣ። በዋዜማው ቀን ዳላስ ኤሲ የሚያስከፍት ሙቀት ነበር፤ በቲሸርት ምሳ በልቼ ተመለስኩ። ከሰዓት በኋላ ሰሜኑ ጠቆረና ነፋሱ ወረደ። የጎረቤቴ የቆሻሻ በርሜል መንገዱን ይዞ ሲሮጥ አየሁት። እዚህ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ ብርዱ መጀመሪያ እኛን ያንሰፈስፍና ከዚያ ቁልቁል ወደ ደቡብ፣ ፕላትፎርሙ ወዳለበት ባሕር ይሄዳል። በማግስቱ ጠዋት ካፖርቴን ስለብስ ሰናይት የወንድሟን የድምፅ መልእክት ከፍታ አሰማችኝ። ከኋላው ነፋሱ ያፏጫል። "ጋሽ ካሳ፣ የላካችሁት ብርድ ደርሶናል! ባሕሩም ተቆጥቷል። እኔ ግን ሥራ ልገባ ነው፣ እናንተ ተሸፋፍናችሁ ተቀመጡ" ይላል። ሳቅን። እንዲህ ላለ ብርድ ፕላትፎርም ላይ ያለ ሰው አይወጣም፤ ሰው የሚያወጡት ለትልቁ አውሎ ነፋስ ነው።

ቢሮ ደርሼ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ወደ አራተኛ ፎቅ ስወጣ ቤቲ ጃኬቷን እንኳ ሳታወልቅ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆማለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ምን ሆነሻል? እናትሽ ደኅና ናት?"

"ደኅና ናት። ጋሼ፣ አንድ ነገር አድርጌያለሁ። እንዳይቆጡ።"

"ምን አደረግሽ?"

"እሾኋን... እንደገና ሠራኋት። ብቻዬን። ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ። ኩቦቹን በጣም ትንንሽ አደረግሁ፣ ከበፊቱ በጣም ትንንሽ። ዛሬ ጠዋት አለቀ።"

ደሜ ፈላ። "ማን ፈቀደልሽ?" አልኩ ጮክ ብዬ፤ ሰዎች ዞር ብለው አዩን። "የፈረምኩበትን ሥራ ከኋላዬ ትፈትሺዋለሽ? ለምን ያኔ አልተናገርሽም?"

"ተናገርኩ እኮ" አለች። "ዳይፐር አሉኝ። እማዬ ደግሞ ጋሼን አትከራከሪ፣ አባትሽ ማለት ነው ትለኛለች። ሶ... አልተከራከርኩም። ዝም ብዬ ሠራሁት።"

ልመልስላት አፌን ከፍቼ ሳለ ላፕቶፗን ወደ እኔ አዞረችው።

የእኛን ሙያ ለማታውቁ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ሌላው ቢቀር ይህቺን ያዙልኝ። ኮምፒውተሩ የተፋው ውሸት ከሆነ፣ ኩቦቹን ስታሳንሷቸው እሾሁ ይጠፋል፣ ወይ ቦታ ይቀይራል። እውነት ከሆነ ግን እዚያው ቦታው ላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል። ያቺ እሾህ አልጠፋችም። ቦታም አልቀየረችም። ጭራሽ ረዝማለች፣ ወፍራለች። ቤቲ ሥዕሉን ቀስ አድርጋ አንቀሳቀሰችው። ማዕበሉ ከሰሜን ምዕራብ ይመጣል። ሁለቱ እግሮች መሐል ይገባል። ይጨናነቃል። መሄጃ ሲያጣ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይተኮሳል። እዚያ ደግሞ ያለው የወርክሾፑ ወለል ነው።

ክው አልኩ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። "በስመአብ" ብቻ ነው ያልኩት፤ ሁለቴ ይሁን ሦስቴ አላስታውስም።

"ጋሼ" አለች ቤቲ፣ "የዛሬው ነፋስ ከየት ነው?"

የባሕሩን ትንበያ ከፈትኩ። ሁለት ጊዜ የተሳሳተ ገጽ ከፈትኩ። ሰሜን ምዕራብ። ማዕበሉ ጠዋቱን ሙሉ እያደገ ይሄዳል፣ ከምሳ በኋላ ጫፍ ይደርሳል። ይልማ እዚያ ነው ያለው። ዋና የማይችለው ይልማ። ታች ግባ ያልኩት ይልማ!

ስልኩን ደወልኩለት። ዝግ ነው። ሥራ ሲገቡ ስልካቸውን ክፍላቸው ጥለው ነው የሚሄዱት፣ አውቃለሁ፤ ያም ሆኖ ደግሜ ደጋግሜ ደወልኩ። ከዚያ ቤቲን አስከትዬ ብራያን ቢሮ ገባሁ። ብራያን ክፉ ሰው አይደለም። ሥዕሉን ሁለት ጊዜ አየ፣ ጥያቄ ጠየቀ፣ ሌላ ኢንጂነር ጠራ፣ ያም መጥቶ ጠየቀ። ሰዓቱ ይነጉዳል። መጨረሻ ላይ ብራያን በሩን ዘጋ።

"ካስ፣ ስማኝ" አለ፤ ካሳሁን ማለት ስለማይችል ካስ ነው የሚለኝ። "ስህተት የምትለዋን ቃል እንዳታወጣ። አዲስ ትንተና ሠርተናል፣ ለጥንቃቄ ያህል ወርክሾፑን ቢዘጉት ይመረጣል ብለን ኢሜይል እንላክላቸው። በፊት ግን ጠበቃችን ይየው።"

"ጠበቃው መቼ ያየዋል?"

"ዛሬ ከሰዓት፣ ነገ ጠዋት ቢዘገይ።"

እውነቱን ልንገራችሁ? ለአፍታ ደስ አለኝ። አዲስ ትንተና። የማንም ስም የለም፣ የማንም ጥፋት የለም። ሃያ ዓመት የገነባሁት ስም አይነካም። ሰይጣን በጆሮዬ ጥሩ ቃል ሹክ አለኝ፣ እኔም ሰማሁት። ከቢሮው ወጥተን ኮሪደሩ ላይ ስንቆም ቤቲ ክንዴን ያዘችኝ። ከዚያ በፊት ነክታኝ አታውቅም።

"ጋሼ፣ እኔ ልደውልላቸው። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት እላለሁ። እኔ ጁኒየር ነኝ፣ ምንም አይሉኝም። የእርስዎ ስም አይጠራም።"

ይህቺ ልጅ! የኔን ጥፋት ተሸክማ ልትሄድ ነው፣ ያውም ለክብሬ ብላ። አፈርኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። የአባቴ ተረት መጣብኝ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ። እሺ፣ ማን ይጥፋ? ይልማ? ይህቺ ልጅ? አባቴ ይህን ሲል የሚጠፋው ሰው ፊቱ ላይ ቆሞለት አያውቅም መሰለኝ።

"ስልኩን አምጪ" አልኳት።

የፕላትፎርሙ ተረኛ ኃላፊ ዘንድ እስክደርስ ሦስት ሰው አቀባበለኝ። በመጨረሻ አንድ ድምፁ ሻካራ ሰውዬ አነሣ። የታችኛውን ወርክሾፕ አሁኑኑ ባዶ አድርጉት አልኩት።

"ለምን? ውሃ አይደርስበትም የሚል ሪፖርት እጄ ላይ አለ።"

"ሪፖርቱ ስህተት ነው።"

"ማነው ያለው?"

ቤቲ ዓይኗን ጨፍናለች። ብራያን የቢሮውን በር ከፍቶ ያየኛል፣ በእጁ ተው ተው ይለኛል።

"እኔ ነኝ ያልኩት። ሪፖርቱን የፈረምኩት እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ።"

ሰውዬው ወረቀት ሲጎትት ሰማሁ። ከዚያ "ስምህን ፊደል በፊደል ንገረኝ" አለ። አንድ በአንድ ቆጠርኩለት። ሲጽፍ ይሰማኛል። "ከሰሜን ምዕራብ ነው ያልከው? እዚህ እኮ አሁን..." አለና ሳይጨርስ ዘጋው።

ብራያን ምን እንዳለኝ አልነግራችሁም፤ የተናደደ ሰው የሚለውን አለ፣ እውነቱንም ነው። ወደ ቦታዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሰናይት ኮል አደረገች፤ ሥራ ቦታዋ የምሳ ዕረፍት ላይ ናት። ልደብቃት አሰብኩ፣ አልቻልኩም። "ሰኒ፣ የይልማ ወርክሾፕ... አሳስቼዋለሁ" አልኳት። "ወንድሜ የት ነው ያለው?" አለች። አላውቅም አልኳት። "አንተ ነህ እኮ ግባ ያልከው" አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት አትጠይቁኝ። መስኮቱ ላይ ቆሜ ፓርኪንጉ ዳር ያሉት ዛፎች ወደ ደቡብ ሲጎነበሱ አያለሁ። ያው ነፋስ ነው። እዚያ ማዕበሉን የሚገፋው ነፋስ ቀድሞ በእኔ ላይ ነው ያለፈው። ቤቲ ሻይ አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠች፣ ቀዘቀዘ፣ ሌላ አመጣች፣ እሱም ቀዘቀዘ።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ስልኬ ጮኸ። ይልማ! እንዴት እንዳነሣሁት አላውቅም።

"አለህ? አለህ ወይ?"

"አለሁ፣ አለሁ ጋሽ ካሳ። ቆይ፣ ትንፋሼን ልሰብስብ።"

"ተጎድተሃል?"

"አልተጎዳሁም። ግን ጉድ ነው የሆነው። ፎርማናችን መጣና ሁላችሁም ውጡ አለ። ልጆቹ ወጡ። እኔ አልወጣሁም።"

"ምን?"

"አልወጣሁም! የቀረችኝ ሁለት ገመድ ማሰር ናት። 'እዚህ ውሃ አይደርስም፣ ያሰላው የእህቴ ባል ነው፣ እሱን የምታውቀው አንተ ነህ ወይስ እኔ?' አልኩት። ሰውዬው ለመነኝ፣ ተቆጣኝ። ቢሮ የተቀመጠ ሰው ብርድ ፈርቶ ያዘዘው ነው ብዬ ሳቅሁበት። በመጨረሻ ሬዲዮውን አውጥቶ ማነው ያዘዘው ብሎ ጠየቀ።"

"ምን አሉት?" አልኩ።

"ስምህን አነበቡለት። ፊደል በፊደል። ሪፖርቱን የፈረመው ሰው ራሱ ደውሎ ተሳስቻለሁ ብሏል አሉ። ጋሽ ካሳ፣ መጀመሪያ ውሸት ነው አልኩ። ካሳሁን እኮ ተሳስቻለሁ አይልም። ስንት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ፣ አንድ ቀን ብሎ አያውቅም አልኩ። ከዚያ ሰውነቴ ሁሉ ውርር አለኝ። እሱ ይህን ካለማ ጉድ ፈልቷል አልኩና ፒንሳውን እዚያው ጥዬ ደረጃውን በሩጫ ወጣሁት።"

"ከዚያስ?"

"ካንቲን ገባሁ። ሳህኔን ይዤ ልቀመጥ ስል ከእግራችን ሥር ድው የሚል ድምፅ ተሰማ። ወለሉ ዘለለ። መብራት ጠፋ። ወርክሾፑ... ቆይ፣ ፎቶ ልላክልህ።"

ፎቶው መጣ። ወንፊቱ ብረት እንደ ወረቀት ወደ ላይ ታጥፏል። ይልማ የሚቀመጥበት የብረት በርጩማ ጣሪያው ላይ ተሰክቶ እግሮቹ ወደ ታች ተንጠልጥለዋል። ቤቲ ከትከሻዬ በላይ አየችውና አፏን ይዛ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እኔ ደግሞ፣ አላፍርም፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እስቲ ከእኔ ጋር አስቡት። ቤቲ ብትደውል ኖሮ፣ ይልማ "የማናት ልጅ?" ብሎ ገመዱን ማሰሩን ይቀጥል ነበር። የብራያን ኢሜይል በሰዓቱ ቢደርስ እንኳ፣ "አዲስ ትንተና" ለሚል ወረቀት ይልማ ከወንበሩ አይነሣም። ያስነሣው ሌላ ምንም አይደለም፤ እኔ በስሜ ተሳስቻለሁ ማለቴ ነው። በሃያ ዓመት ልክነቴ ታች ያስገባሁትን ሰው፣ አንዲት "ተሳስቻለሁ" አወጣችው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አሁንም ይዘገንነኛል።

ያ ቀን ምንም ሳያስከፍለኝ አላለፈም። ሪፖርቱ ተሻረ፣ የድሮ ሥራዎቼ ሁሉ ተመረመሩ፣ ለወራት ምንም እንዳልፈርም ተደረግሁ። የነቀልኳቸውን እሾሆች እኔና ቤቲ አንድ በአንድ አየናቸው። የሚገርማችሁ፣ አብዛኞቹ በእርግጥም ውሸት ነበሩ። ለካ አብዛኛውን ጊዜ ልክ መሆኔ ነበር ያሳበደኝ። ዛሬ ማንም ብቻውን እሾህ አይነቅልም፤ ሁለት ሰው ካላየው፣ ኩቦቹ ካላነሱ አይሰረዝም። ቤቲ ዛሬም ጋሼ ነው የምትለኝ። እናቷ ያስተማረቻትን ተይ አላልኳትም። ግን ስብሰባ ላይ ፈረንጆቹ ሁሉ ባሉበት "ጋሼ፣ ይሄ ሮንግ ነው" ትለኛለች፤ ደሜ ይፈላል፣ ምራቄን እውጣለሁ፣ "አሳዪኝ" እላለሁ። ቀላል እንዳይመስላችሁ።

የአባቴን ተረት ቤቴ ውስጥ አላነሣውም። እናንተም ልጆቻችሁን "ታላቅን አትከራከሩ" ስትሏቸው፣ ታላቁ የተሳሳተ ቀን ምን እንደሚያደርጉ ጨምራችሁ ንገሯቸው፤ አደራ። ታላቅ የሆናችሁ ደግሞ፣ አንድ ሰው አንገቱን ሰብሮ "ኦኬ" ሲላችሁ፣ ወይ አምኗችሁ ነው ወይ ፈርቷችሁ ነው። ለይታችሁ ጠይቁት።

ይልማ ሥራውን አልተወም። እኔ ተው ብለው እሱ እምቢ አለ። ባለፈው እሑድ ደግሞ ራት እየበላን አዲስ መሰላል እንደተተከለላቸው ነገረኝ። "አይቼዋለሁ፣ ደኅና ነው፣ ስሌቱን እኔ ነኝ የሠራሁት" አልኩት፣ ልማድ ሆኖብኝ። ሰናይት ማንኪያዋን አስቀመጠች። ይልማም ጉርሻውን አፉ ጋ አድርሶ መለሰውና አየኝ።

"ቤቲ አይታዋለች?" አለኝ።